ዋት አይጠርግም፤ የሚጠርገው አየሩ ነው

የቫኪዩም ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ዋት ነው። «ይሄኛው 2000 ነው፣ ያኛው 2400» ይላችኋል። ቁጥሩ ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደውን መብራት እንጂ ከምንጣፍ የሚያነሳውን አቧራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት የቤት ቫኪዩም የኃይል ጣሪያን በ2014 ወደ 1600 ዋት፣ በ2017 ደግሞ ወደ 900 ዋት አውርዶታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ማሽኖች ምንጣፍ መጥረግ አላቃታቸውም። በሚገባ በተሠራ ማሽን ላይ ልዩነት የሚያመጣው የአየሩ መንገድ፣ የመጥረጊያው አፍና የሞተሩ ክንፍ፣ ማለትም አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ፣ ነው።

አቧራ የሚነሳው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ ማሽኑ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነትና በቱቦው የሚያልፈው የአየር መጠን። የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ብትዘጉት ግፊቱ ጫፍ ይደርሳል፤ ግን የሚያልፍ አየር ስለሌለ የሚነሳ አቧራም የለም። አፉን ወለል አድርጋችሁ አየር ላይ ብትይዙት ደግሞ አየሩ እንደልብ ያልፋል፣ ግፊት ግን የለም። የሁለቱ ብዜት ነው እውነተኛው ጉልበት። 10 ኪሎፓስካል ግፊትና በሰከንድ 20 ሊትር አየር ሲባዙ 200 ዋት ይሆናሉ። ከሶኬት 1400 ዋት የሚስብ ማሽን ለአየሩ የሚያስረክበው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የቀረው ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ይወጣል። ያ 20 ሊትር አየር 32 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ነው። ፊልተሩ ተደፍኖ አየሩ በግማሽ ቢቀንስ ፍጥነቱም ወደ 12 ሜትር ይወርዳል። ያኔ ብናኙ ይሄዳል፣ አሸዋው ግን ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ ይቀመጥና መንገዱን የባሰ ያጠባል።

የቫኪዩም ፈጠራ ታሪክ በአብዛኛው ይህንን የአየር መንገድ ክፍት አድርጎ የማቆየት ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ በ1901 ለንደን ላይ አቧራን በአየር እየነፋ የሚያስወግድ ማሽን ካየ በኋላ «ለምን አይስበውም?» ብሎ ተነሳ። ሐሳቡን የፈተነው መሐረብ ወንበር ላይ አንጥፎ በአፉ በመሳብ ነው። መሐረቡ ማዶ ላይ አቧራው ታትሞ ቀረ። የቡዝ የመጀመሪያው የአቧራ ፊልተር ያ ጨርቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሽኑ ግን በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ነገር ስለነበር ቤት ውስጥ አይገባም ነበር፤ መንገድ ላይ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ።

ቤት ውስጥ ያስገባው ጄምስ መሪ ስፓንግለር ነው። ስፓንግለር በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ አስም ስለነበረበት በመጥረጊያ የሚነሳው አቧራ ይፈትነው ነበር። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ ማሽኑን ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘና ለዊልያም ሁቨር ሸጠው። ከሞተሩ ይልቅ ብልሃቱ ያለው በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ ነው። ምንጣፍ ውስጥ የተሰነቀረን አሸዋ አየር ብቻውን አያላቅቀውም፤ ብሩሹ እየደበደበ ያነሳዋል፣ አየሩ ይወስደዋል። የስፓንግለር የትራስ ልብስ ግን ከእኛ ዘመን የወረቀት ከረጢት ጋር አንድ ዓይነት ችግር ነበረበት፦ ጨርቁ ሳይሞላ ቀዳዳዎቹ በብናኝ ይደፈናሉ።

ጄምስ ዳይሰን የተነሳው በዚሁ ችግር ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች የተለመደውን አየር አሽከርካሪ ሾጣጣ ወስዶ ወደ ቤት ማሽን አሳነሰው። አየሩ በሾጣጣው ውስጥ ሲሽከረከር አቧራው በራሱ ክብደት ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጸዳው አየር በመሐል ይወጣል። እዚህ ለመድረስ 5,127 የሙከራ ማሽኖች ሠርቷል፤ በራሱ ስም እንግሊዝ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1993 ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን ከረጢት የሌለው ማሽን ፊልተር አያስፈልገውም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። በጣም ደቃቁ ብናኝ ከሾጣጣው ያመልጥና ከሞተሩ በፊት ያለው ፊልተር ላይ ያርፋል። ጣሳው ሲገለበጥም የተሰበሰበው አቧራ ፊት ላይ ይቦናል። አስም ላለበት ቤት እኔ አሁንም ባለ ከረጢቱን፣ ያውም ከወረቀት ይልቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ከረጢት ያለውን እመርጣለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። የቫኪዩም ክንፍ የሚፈጥረው ግፊት በአየሩ እፍጋት ልክ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 20 ኪሎፓስካል የተጻፈበት ማሽን እዚህ 15 ወይም 16 ቢሰጥ ተበላሽቶ አይደለም። ሸክሙ ስለሚቀልለት ሞተሩ ትንሽ ይፈጥናል፣ የጎደለውንም በከፊል ያካክሳል። ችግሩ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያው ስስ አየር መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከሆናችሁማ የባሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ችላ ሊባል የሚችል የፊልተር መደፈን ደጋ ላይ ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

አብዛኞቹ የቤት ቫኪዩሞች ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት በሚስቡት አየር ነው። ውሃም አቧራም የሚስቡት በርሜል መሳዮች ግን ለሞተሩ ለብቻው የተለየ የማቀዝቀዣ አየር አላቸው። ቱቦው ሲታፈን ድምፁ ቀጥኖ ይጮሃል፤ ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩ የተጨነቀ ይመስለዋል። እንዲያውም የሚገፋው አየር ስላጣ ክንፉ ቀልሎት ነው የፈጠነው። የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ማሽኑ በሥራ መሐል ቀጥ ካለ በአብዛኛው የሙቀት መከላከያው ቆርጦት ነው፦ ከሶኬት ንቀሉት፣ የተዘጋውን ክፈቱ፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አሳርፉት። መንገዱን ሳይከፍቱ ደጋግሞ ማስነሳት የሞተሩን ኮይል መጥበስ ነው።

የተዘጋበትን ቦታ ለማግኘት ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም። ቱቦውን ከማሽኑ ላይ ነቅላችሁ መዳፋችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉ። እዚያ በደንብ ከሳበ ማሽኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ከቱቦው ወዲህ ነው። የልጆች ብይ በቱቦው አንድ ጫፍ ልቀቁና በሌላው እንደሚወጣ እዩ፤ ካልወጣ የተወተፈበትን ቦታ አገኛችሁት ማለት ነው። ማሽኑ ራሱ ካልሳበ ከረጢቱን አውጥታችሁ ለሁለት ሰከንድ ብቻ አስነሱት። ከሳበ ከረጢቱ ነው፤ ካልሳበ ከሞተሩ በፊት ያለውን ስፖንጅ እዩ። ማሽኑ የሚነፋበት በኩል ያለውን ፊልተር ሰው ይረሳዋል፣ እሱም ሲደፈን ውጤቱ ያው ነው።

የሚደፍነው ነገር እንደየቤቱ ይለያያል። ቤት ታድሶ የተረፈ የጂፕሰምና የሲሚንቶ ብናኝ የወረቀት ከረጢትን ገና ሳይሞላ ሽባ ያደርገዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ቄጤማ ይነጠፋል። ቄጤማ በቫኪዩም አይነሳም! ረጅሙና እርጥቡ ሳር ብሩሹ ላይ ይጠመጠማል፣ ብሩሹ ይቆማል፣ የሚያዞረው ቺንጋ ግን እየተንሸራተተ ይሞቅና ይቀልጣል። መጀመሪያ በእጅ ወይም በመጥረጊያ ይሰብሰብ፤ ለፈንዲሻውና ለቀረው ብናኝ ቫኪዩሙ ይድረስ። የቡና ከሰል አመድ ግን በጭራሽ አይነካ። ደቃቅ ስለሆነ ፊልተር ይደፍናል፤ የጠፋ የሚመስል ፍም ውስጡ ካለ ደግሞ አየሩ ያራግበውና ከረጢቱ ውስጥ እሳት ይነሳል።

ሄፓ ፊልተር 0.3 ማይክሮን ከሚሆን ብናኝ 99.97 በመቶውን ይይዛል። መለኪያው 0.3 የሆነው ትንሹ መጠን ስለሆነ ሳይሆን ለመያዝ በጣም አስቸጋሪው እሱ አካባቢ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ያነሰው እየተንቀጠቀጠ የፊልተሩ ክር ላይ ይጣበቃል። «ይታጠባል» ተብሎ ካልተጻፈበት አትጠቡት፤ ክሩ ይበላሻል። የሚታጠብ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ያለ ሳሙና ታጥቦ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ። እርጥቡን መልሶ መግጠም ሻጋታ ማሽተት ብቻ ሳይሆን እርጥበት ወደ ሞተር መላክ ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ለላከው ቫኪዩም አንድ ማስጠንቀቂያ። የ120 ቮልቱ ማሽን ስፒናው ተቀይሮ 220 ላይ ቢሰካ ፍጥነቱ ከልክ ያልፋል፣ ካርቦኑ እሳት ይተፋል፣ ሞተሩም ወዲያው ያልቃል። አገሩ በ60 ኸርትዝ፣ እኛ በ50 መሆናችን ለዚህ ዓይነት ባለ ካርቦን ሞተር ምንም አይደል፤ ቮልቱን ወደ 120 ለሚያወርደው ትራንስፎርመር ግን ልዩነት ስላለው 50 ኸርትዝ የተጻፈበትን ግዙ። አሜሪካውያን ኃይሉን በአምፒር ይጽፋሉ፦ 12 አምፒር ማለት በ120 ቮልት 1440 ዋት ነው። ሲነሳ ከዚያ በላይ ስለሚስብ ከ2000 ቮልት አምፒር ያላነሰ፣ ቢቻል 3000 የሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ለጸጉር ማድረቂያ የሚሸጡት ቀላልና ትንንሽ የጉዞ መቀየሪያዎች ለሞተር አይሆኑም። ባለ ባትሪና ሮቦት ቫኪዩም ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 መባሉን አንብቡ፤ ካለ የስፒና መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል።

ወደ ኤሲ፣ ማለትም ወደ አየር ማቀዝቀዣ፣ ስንመጣ የክፍሉን ሙቀት እያየ የሚያበራውና የሚያጠፋው የቴርሞስታት ታሪክ መነሻ እንደገና የጽዳትና ጥበቃ ሠራተኛ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዊስኮንሲን፣ ኋይትዎተር በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ የሕንፃው ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ ቴርሞሜትር ካነበበ በኋላ ምድር ቤት ወርዶ የእቶኑን መክፈቻና መዝጊያ ያስተካክል ነበር። መምህሩ ዋረን ጆንሰን ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ምድር ቤት ላለው ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ ሠራና በ1883 የፈጠራ መብት አገኘበት። በ1895 ደግሞ ሰውየውን ጨርሶ ከመሐል አወጣው፦ ቴርሞስታቱ የታመቀ አየር እየለቀቀና እየያዘ ቫልቮቹን ራሱ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ቴርሞስታት ግን ከተሠራ በኋላም አንድ ጠባይ አስቸግሯል። «20 ዲግሪ ደረሰ» ብሎ እቶኑን ሲያጠፋ በብረቱ ውስጥ የቀረው ሙቀት ክፍሉን ወደ 22 ይወስደዋል። መፍትሔው ቴርሞስታቱ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ማሞቂያ ሽቦ ሆነች። እቶኑ ሲሠራ እሷም ትሞቃለች፣ ቴርሞስታቱን ከክፍሉ ቀድማ «ሞቋል» ታሰኘዋለች፤ እቶኑ ቀድሞ ይጠፋና የቀረው ሙቀት ልኩን ይሞላል። ከሁሉም የቤት ሙቀት ፈጠራዎች እኔ የምወዳት ይህችን ውሸታም ሽቦ ነው።

የዛሬው ኤሲ ሙቀቱን የሚያነበው ከፊልተሩ ጀርባ በምትገኝ ትንሽ ሴንሰር ነው። በብዙዎቹ ላይ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎኦም ታሳያለች፣ ሲሞቅ ትቀንሳለች፤ ጥርጣሬ ካላችሁ ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ። ከማሽኑ በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ክፍተት ካልተተወ፣ ወይም መጋረጃ ከፊቱ ካለ፣ የወጣው ቅዝቃዜ ተመልሶ ወደ ሴንሰሩ ይገባል። ማሽኑ «ቀዘቀዘ» ብሎ ይቆማል፣ ክፍሉ ግን እንደሞቀ ነው። ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግም ኢንቨርተር (ፍጥነቱን የሚቀያይር) ያልሆነን ኤሲ አያፈጥነውም። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፤ 16 ማለት ቶሎ አትቁም ማለት ነው።

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ፣ እንዲሁም ዓረብ አገር ላላችሁ፣ አቧራማው ወቅት ላይ ፊልተሩ በየሁለት ሳምንቱ ይጽዳ። መጀመሪያ አቧራ ባለበት ፊት በኩል በቫኪዩሙ ለስላሳ ብሩሽ ሳቡት። ከዚያ በተቃራኒው ፊት ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ እጠቡትና ጥላ ሥር አድርቁት። በአቧራው በኩል ከታጠበ ቆሻሻው ወደ መረቡ ይገባና ይለጠፋል።

ፊልተሩ ሲደፈን ኤሲው በረዶ ይሠራል። በቂ አየር ካላለፈበት የውስጡ ራዲያተር ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እርጥበቱ ይረጋበታል፣ በረዶው ደግሞ የቀረውን አየር ይዘጋል። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ ሲያንስም በረዶ ስለሚሠራ ቴክኒሻን ሲጠራ «ጋዝ አልቋል» ማለት ይቀናዋል። ማሽኑን አጥፍታችሁ በረዶውን አቅልጡ፣ ፊልተሩንና የራዲያተሩን ፊት አጽዱ፣ እንደገና አስነሱት። በረዶው የራዲያተሩን ፊት በሙሉ እኩል የሚሸፍን ከነበረ በአብዛኛው የአየር ችግር ነው፤ ከተጸዳ በኋላም ቀጭኑ ቧንቧ አጠገብ ያለው ክፍል ብቻ በረዶ ከያዘ ጋዙን ጠርጥሩ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ያ ቦታ ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ መበተን ነው። የሚሞላው መጠን በግራም የውጪው ማሽን ላይ ተለጥፏል። ቴክኒሻኑ ሚዛን ይዞ መምጣቱን እዩ፤ በተለይ ጋዙ አር-410ኤ የተባለው ዓይነት ከሆነ ድብልቅ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ እየተመዘነ ነው መግባት ያለበት፣ አር-32 የተባለው ከሆነ ደግሞ እሳት ሊይዝ ስለሚችል አጠገቡ ሲጋራም ችቦም አይለኮስ።