ሜታዶን ለህመም ሲታዘዝ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሜታዶን ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የሄሮይን ሱስ ማከሚያነቱን ነው። ለካንሰር ህመምም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በተለይ ሞርፊን ያልበገረው የነርቭ ህመም ሲኖር ወይም ኩላሊት ሲደክም። ሞርፊን ተፈጭቶ የሚቀረው ነገር በደከመ ኩላሊት ይጠራቀምና ታካሚውን ያፈዘዋል፣ ጡንቻውን ያስፈነጥረዋል። ሜታዶን ይህ የለበትም።

የሱ ችግር ሌላ ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንዱ ፍሬ ህመም የሚያስታግሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ግን እንደየሰው ከ8 እስከ 59 ሰዓት ይፈጃል። ሰኞ የተጀመረው ማክሰኞ «አልያዘውም» ተብሎ ከተጨመረ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ተደራርቦ ትንፋሽ ያዳክማል። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን ሳይሞላ መደበኛውን መጠን አትጨምሩ። በመሀል ለሚነሳው ህመም፣ ኩላሊቱ ካልደከመ፣ ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚወጣ ሞርፊን ስጡ።

ቅየራው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቀን 120 ሚሊ ግራም ሞርፊን በአፍ ለሚወስድ ታካሚ በተለምዶ ለ8 ይካፈላል፦ በቀን 15 ሚሊ ግራም ሜታዶን፣ ማለትም በየ8 ሰዓቱ 5። በቀን 60 ለሚወስድ ማካፈያው 4፣ ከ300 በላይ ለሚወስድ 12 ነው። ሞርፊኑ በበዛ ቁጥር ማካፈያውም ያድጋል። 600 የሚወስደውን በ4 ያካፈለ 150 ያዛል፣ ይህ ይገድላል። በ12 ቢካፈልም 50 ይመጣል፤ መነሻው ግን በቀን ከ30 እስከ 40 ባያልፍ ይሻላል። ይኸው ስሌት ተገልብጦ ከሜታዶን ወደ ሞርፊን ለመመለስ አያገለግልም።

ከመጀመራችሁ በፊት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አሠሩ፤ ኪውቲሲ፣ ማለትም ልብ በኤሌክትሪክ ተነሥቶ እስኪረጋ የሚፈጀውና ሜታዶን የሚያረዝመው ጊዜ፣ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ሌላ መድኃኒት ፈልጉ። ፖታሲየምና ማግኒዚየምም ይታዩ። ታካሚው የቲቢ መድኃኒት ላይ ከሆነ ሪፋምፒሲን ሜታዶኑን ከደም ያሟጥጠዋል፣ ህመሙ ይመለሳል። የባሰው ሪፋምፒሲኑ ሲያበቃ ነው፤ ያኔ የተጨመረው መጠን ሳይቀነስ ከቀረ በሳምንታት ውስጥ መርዝ ይሆናል። የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞል በተቃራኒው ሜታዶኑን ከፍ ያደርገዋል።

በቀዶ ሕክምና፣ ለምሳሌ በአከርካሪና በልብ፣ ማደንዘዣ ሲጀመር ሜታዶን በደም ሥር በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም አንዴ ይሰጣል፤ ለ60 ኪሎ 12 ማለት ነው። ዋርድ ላይ ያለው ነርስ ይህን ካላወቀ የተለመደውን ሞርፊን ይደርብበታል፤ ቻርቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ቀን ላይ አዲስ የጀመረ ማንኮራፋት «ደህና ተኛ» ተብሎ አይታለፍም። ቀስቅሱት፣ ትንፋሹንም ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ8 በታች ከሆነ ኦክስጅንና የሜታዶን ማርከሻው ናሎክሶን ያስፈልገዋል፤ ናሎክሶን ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ፣ ነቃ ብላችሁ አትሂዱ። በድሪፕ ይቀጥል፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይጠበቅ።