የበግ እግር ሁለት ጊዜ ፈታሁ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አጥንትና ጡንቻ ላይ በደረስኩ ቁጥር ሰሌዳ ላይ የምስለው ሥዕል አላረካ ስላለኝ፣ የአንድ በግ የፊት እግር ከነትከሻው አግኝቼ አጥንቱን አጽድቼ ልገጣጥመው ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከጅምሩ ተበላሸ። ቆዳውን ገፍፌ፣ ሥጋውን ፍቄ ጣልኩና አጥንቱን ለሰዓታት ቀቀልኩት። ስቡ ውስጡ ሰርጎ ቢጫ አደረገው። የረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ ደግሞ እንደ ክዳን ተላቀቀ። ሰበርኩት ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ለካ በጉ ገና እያደገ ኖሯል። በሚያድግ እንስሳ አጥንቱ የሚረዝመው ጫፉና ግንዱ መካከል ባለው ካርቲሌጅ፣ ማለትም ከአጥንት በሚለሰልስ ተጣጣፊ ክፍል ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲቀቀል ይለቃል። ይንጣ ብዬ በረኪና ውስጥ ስዘፈዝፈው ላዩ እንደ ጠመኔ ይፈረፈር ጀመር።

ከሁሉ የከበደኝ መገጣጠሙ ነው። ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ከደረት ጋር የሚያያይዝ አጥንት ፈለግኩ፤ የለም። ጠፍቶብኝ ይሆናል ብዬ የቀቀልኩበትን ውሃ ሳይቀር አጠለልኩ። በግ እንደ ሰው ከትከሻ ወደ ደረት የሚዘረጋ አጥንት የለውም። የፊት እግሮቹን ከገላው ጋር የሚይዛቸው በዋናነት ጡንቻ ነው፤ ደረቱ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል አንቀልባ ውስጥ እንዳለ ሕፃን ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ገላውን የሚሸከመውን ነገር ነበር ፍቄ የጣልኩት።

ሁለተኛውን እግር ቀስ ብዬ፣ ንብርብሩን ተከትዬ ፈታሁት፤ በየደረጃው ፎቶ አነሣሁ። ትከሻው ላይ ከቆዳው ሥር ስስ ጡንቻ ተለጥፎ አገኘሁ፤ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ወፍራም ወፍራሙ ጡንቻ ያለው ከላይ፣ ትከሻና ክርን ዙሪያ ነው። ወደ ሰኮናው የሚወርደው ጅማት ነው፤ ታችኛው እግር ቀለል ሲል ለመወርወር አይከብድም። የኋላውን ጅማት ስስበው ጣቶቹ ታጠፉ፤ የፊቱን ስስበው ተዘረጉ። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም ብዬ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ በእጄ ይዤ ሳየው ግን ደጋግሜ ከመሳብ አልታቀብኩም።

ብዙ ሰው የበግ የፊት ጉልበት የሚለው፣ በነገራችን ላይ፣ እንደ ሰው የእጅ አንጓ ያለው አንጓው ነው። ክርኑ ከላይ፣ ደረቱ ሥር ተሸጉጧል፤ በጉ የሚሄደው በሁለት ጣቶቹ ጫፍ ነው። አንጓው ውስጥ ስድስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ በመጀመሪያው ሙከራ እንደ ጠጠር ተደባልቀውብኝ ነበር። አሁን ለብቻቸው በስስ ጨርቅ ቋጠርኳቸው።

መገጣጠሚያውን ስከፍት እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ ወጣ። የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ካርቲሌጅ መስታወት ይመስል ነበር፤ ሳልሸፍነው ትንሽ ብቆይ ደርቆ ደበዘዘ። ለተማሪ የሚያሳይ ሰው እርጥብ ጨርቅ ያልብሰው። ጓንትም አይርሳ፤ ቢላዋውን ምንጊዜም ከእጁ በተቃራኒ አቅጣጫ ይግፋ።

ማጽዳቱን ለቀዝቃዛ ውሃ ተውኩት። ክዳን ባለው ባልዲ፣ ከቤት ርቆ፣ ለሳምንታት፤ የቀረውን ሥጋ ባክቴሪያ ይበላዋል። ሽታው ከባድ ነው፣ አጥንቱ ግን አይጎዳም። ከዚያ ስቡን በሳሙና ውሃ አስለቅቄ፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ አነጣሁት።

ከመጀመሪያው እግር የተረፉትን አጥንቶችም አልጣልኳቸውም። ቀጭኑን ለቀናት ኮምጣጤ ውስጥ ስዘፈዝፈው ማዕድኑ ሟሙቶ እንደ ጎማ ታጠፈ። ሌላውን እሳት ውስጥ ስከተው ኮላጅኑ፣ አጥንቱን በቀላሉ እንዳይሰበር የሚያደርገው ፕሮቲን፣ ተቃጠለ፤ ቅርጹን እንደያዘ ነበር፣ በጣቴ ስጫነው ግን ደቀቀ።

አዲሱ እግር አሁን ክፍል ውስጥ ቆሟል። አጥንቶቹን በሽቦ አያያዝኳቸው፤ የትከሻውን አጥንት ግን ደረቱን በሚተካው ጣውላ ላይ በሰፋፊ የጨርቅ ማሰሪያ ነው ያሰርኩት። ተማሪዎቹ ለምን በሽቦ እንዳልሆነ ሲጠይቁኝ ማሰሪያውን ፍቱት እላቸዋለሁ። ሲፈቱት ጣውላው ወደ መሬት ይወርዳል።