ከጁኒየር ዎከር ጋር የያዝኩት የሳክስፎን ልምምድ

ቴነር ሳክስፎን የምትለማመዱ ሁሉ፣ ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ስኬል (የኖታ ቅደም ተከተል) መውጣት መውረዱን ቀነስ አድርጌ የአሜሪካዊውን ሳክስፎን ተጫዋችና ዘፋኝ የጁኒየር ዎከርን ዘፈኖች በጆሮዬ እየለቀምኩ ነው። ሰውዬው ፈጣን ተጫዋች አይደለም። የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሲዘፍንም ሲነፋም ድምፁ አንድ ነው። በአፉ የጀመረውን ሐረግ በሳክስፎኑ ይጨርሰዋል።

ለማያውቁት፣ ዎከር በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) አርካንሶ ተወልዶ ያደገው ኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ ነው። ኋላ ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ በክለቦች ይጫወት ነበር። ሞታውን የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ዘንድ የደረሰው በአቋራጭ ነው። መጀመሪያ ያስቀረጸው የዘፋኙ የሃርቪ ፉኳ ትንሽ የሙዚቃ ኩባንያ ነበር፤ ሞታውን ያንን ኩባንያ ሲጠቀልለው ዎከርም አብሮ ገባ። ሞታውን በዚያን ጊዜ የሚታወቀው ተጠርቦ በተስተካከለ ሙዚቃ ነው። የዎከር ባንድ ግን የጭፈራ ቤት ላቡን ይዞ ነው ስቱዲዮ የገባው።

በ1965 የወጣውን «ሾትጋን» የጻፈው ራሱ ነው። እንዲዘፍን የታሰበው ሰው ሳይመጣ ሲቀር ዎከር ራሱ ዘፈነው። የአሜሪካን የአር ኤንድ ቢ (ሪትም ኤንድ ብሉስ) ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ የፖፑን ደግሞ አራተኛ ሆኖ ያዘ። ዘፈኑ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው በአንድ ኮርድ (አብረው በሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ) ነው። ይህን ስሰማ «በጣም ቀላል!» ብዬ ነበር የጀመርኩት። እንዳይመስላችሁ። ኮርድ ካልተቀየረ መደበቂያ የለም። የሚቀረው ምት፣ ዝምታና የድምፁ ጠባይ ብቻ ነው። ዎከር ሁለት ሦስት ኖታ ነፍቶ ያቆማል፤ ባንዱ ይሄዳል፤ ከዚያ ይመለሳል። ያቺን ማቆም መለማመድ ከኖታው በላይ ከብዶኛል።

ብዙ ጊዜዬን የበላው ግን ሻካራው ድምፅ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እየነፋችሁ በጉሮሯችሁ ታጉረመርማላችሁ። የጉሮሯችሁና የሳክስፎኑ ድምፅ ሲጋጩ ያ የሚቧጥጥ ድምፅ ይወጣል። የምታጉረመርሙት ድምፅ ከምትነፉት ኖታ ጋር አንድ ከሆነ ሻካራነቱ ይጠፋል፤ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት። እኔ መካከለኛው ሶል ላይ ጀምሬ አሁን በዙሪያው ባሉት ኖታዎች ላይም እየወጣልኝ ነው። ወደ ታች ስወርድ ትንፋሼ ይበተናል። ጉሮሮም ቶሎ ይደርቃል፤ ውሃ አይለያችሁ።

ጩኸቱ ሌላ ፈተና ነው። ዎከር ከሳክስፎኑ መደበኛ የኖታ ክልል በላይ ወጥቶ ይጮኻል። ይህ በጣት ብቻ አይገኝም፣ ጉሮሮና ምላስ ናቸው የሚሠሩት። ስለዚህ የታችኛውን ሲ ቤሞል (B♭) እንደያዝኩ፣ ጣቴን ሳልቀይር ላይኛዎቹን ድምፆች ለማውጣት እሞክራለሁ። ኦክታቩ (ያው ኖታ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ) እና ከሱ በላይ ያለው አምስተኛው ኖታ ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ያለው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይኮርፋል። ጎረቤት ያለው ሰው ይህን በምሽት ባይሞክረው ይሻላል።

በነገራችን ላይ ሳክስፎንን እንደ ሰው አንደበት ማስጮህ ለኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን ሲያወርድ የሰማ ሰው ይገባዋል። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለቴ አይደለም። ግን ዎከር ሲያስቸግረኝ ጌታቸውን እሰማለሁ፤ ይረዳኛል።

ዎከር ረጋ ሲል ደግሞ የ1969ኙን «ዋት ዳዝ ኢት ቴክ» ስሙ። በሳክስፎን ነው የሚከፈተው፤ እሱም በፖፕ አራተኛ ደርሷል። ለኔ ምርጥ ሥራው ይህ ነው። በ1981 ፎሪነር የተባለው የሮክ ባንድ «ኧርጀንት» ላይ ሶሎ እንዲነፋ ጋበዘው፤ የሞታውንን ዘመን ያልደረሱበት ወጣቶችም በዚያ አወቁት። ዎከር በ1995 ባትል ክሪክ ውስጥ በካንሰር ሞተ።

አሁን የያዝኩት የ«ዋት ዳዝ ኢት ቴክን» መክፈቻ ነው። መጀመሪያ በአፌ እዘፍነዋለሁ፣ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከዚያ እነፋዋለሁ። የምጠቀመው ሪድ (አፍ መክተቻው ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ምላስ) ጥንካሬው ሁለት ተኩል ነው። ለላይኞቹ ድምፆች ጠንከር ያለ የሞከራችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነላችሁ ጻፉልኝ።