ከተኩሱ በኋላ፦ የሚኒሶታ አጋዘንና ዳክዬ

ኖቬምበር ላይ ሚኒሶታ ውስጥ አጋዘን በጠመንጃ ለማደን የምትወጡ፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ኮፍያና ሰደርያ በሕግ ግዴታ ነው። ቆስሎ የሸሸውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሡት፤ ወዲያው ከተከተላችሁት ደንግጦ ርቆ ይሄዳል።

ከሞተ በኋላ ግን መዘግየት ሥጋውን ያበላሻል። በጀርባው አስተኙት፣ ፊንጢጣውን ዙሪያውን ቁረጡ። ሆዱን ስትከፍቱ የቢላዋው ስለት ወደ ላይ ይሁን፤ ሁለት ጣት ከሥር አስገብታችሁ ቆዳውን አንሡ። ትልቅ ቢላዋ የጀማሪ ወጥመድ ነው፤ ጨጓራ ወይም የሽንት ፊኛ ይበሳል። ድያፍራሙን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ስስ ጡንቻ ቆርጣችሁ የአየር ቧንቧውን በተቻለ መጠን ከላይ በጥሱ፤ ሁሉም አብሮ ይወጣል። ደሙን አንጠፍጥፉ፣ ደረቱን በእንጨት ክፈቱት። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ውስጡን በከረጢት በረዶ ሙሉት፤ ግቡ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። “የዱር ሽታ” የሚባለው በአመዛኙ እዚህ ላይ ከሚደረግ ስንፍና የሚመጣ ይመስለኛል።

ለዳክዬ የእርሳስ ጥይት ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ክልክል ነው፤ የብረት ጥይት ያዙ። ጠመንጃው ከ3 ጥይት በላይ እንዳይጎርስ መወተፊያ ይደረግበታል።

ክትፎ ያማራችሁ፣ በአጋዘን ሥጋ አይሆንም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በሽታ አምጪ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። የተፈጨው እስከ 71 ዲግሪ ይብሰል። ስብ ስለሌለው ቅቤ አትሰስቱ።