ጎማውን ሳይሰበስብ የሚበር አውሮፕላን፦ ከተማሪዎቼ ጋር እንዴት እንደመረመርነው

"ቲቸር፣ ያ አውሮፕላን ጎማውን ሳያስገባ ነው እንዴ የሚሄደው?" ብላ የጠየቀችኝ አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ናት። መልሱን በሁለት ደቂቃ ነግሬያት ማለፍ እችል ነበር። ግን ጥያቄው ውስጥ ሙቀት አለ፣ ጉልበት አለ፣ የአየር መጎተት አለ። ስለዚህ አብረን እንድንመረምረው ወሰንኩ። እንዴት እንደሄድንበት ልጻፈው፤ ሌላም አስተማሪ ይጠቀምበት ይሆናል።

መጀመሪያ ያደረግነው ያየነው ነገር እውነት የተዘረጋ ጎማ መሆኑን ማጣራት ነው። ቦይንግ 737 ዋና ጎማዎቹን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን በር የለውም። ተሰብስበውም ቢሆን ከሆዱ ሥር እንደ ሁለት ጥቁር ክብ ይታያሉ። አዲስ አበባ ሰማይ ላይ ደግሞ 737 በሽ ነው። ልጆቹን "ክብ ብቻ ካያችሁ ገብቷል፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ነው ጥያቄ የሚነሳው" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እየለዩ መቁጠር ጀመሩ።

ቀጥዬ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። አሁን የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ አልን። "ቲቸር፣ እርስዎ የሚያዩት ጎማውን ነው። እኛ መጀመሪያ የምናስበው ፍሬኑን ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላን አርፎ ሲቆም የሩጫው ጉልበት በአብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ከተነሳ ፍሬኑ ገና አልበረደም። የጋለውን ጎማ ወዲያው ሆዱ ውስጥ መክተት ደግሞ አደጋ አለው፤ እዚያ የሃይድሮሊክ ቱቦዎች (ለአውሮፕላኑ ኃይል የሚያስተላልፍ ፈሳሽ የሚያልፍባቸው) አሉ። ኤርባስ ኤ320 ላይ የፍሬኑ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ መነሳት አይፈቀድም። ከተነሱ በኋላም አብራሪዎቹ ፍሬኑ ግሏል ብለው ካሰቡ ጎማውን ለጥቂት ደቂቃ ዘርግተው በነፋሱ ያቀዘቅዙታል።

እዚህ ላይ የራሳችን ከተማ ገባች። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት እንዲሸከም አውሮፕላኑ ባሕር ዳርቻ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ ይልቅ ከ10 በመቶ በላይ መፍጠን አለበት። ለልጆቹ ስሌት ሰጠኋቸው፦ ፍጥነቱ በ12 በመቶ ቢጨምር የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በስንት ይጨምራል? ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ 25 በመቶ ያህል ነው። ያን ትርፍ ጉልበት ማብረድ ያለበት ያው ፍሬን ነው። ቀመሩን ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ እንዲህ ሲጨበጥላቸው ግን አላየሁም ነበር።

አንድ ከባድ ታሪክም ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሜክሲኮ ሲቲ የተነሳ የሜክሲካና አየር መንገድ ቦይንግ 727 ፍሬኑ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር። ጎማው አየር ላይ ፈነዳ፤ የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮችን በጠሰ። የተሳፈሩት 167 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ሜክሲኮ ሲቲም እንደ እኛ ከ2,200 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። ጎማው የተሞላው እሳት በማያቀጣጥለው ናይትሮጂን ሳይሆን ኦክስጅን ባለበት ተራ አየር ነበር። ዛሬ የትላልቅ አውሮፕላኖች ጎማ በናይትሮጂን ይሞላል።

"ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ዘርግተው አይበሩም?" የሚለውን በሙከራ መለስነው። ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ በክር አንጠልጥለን፣ አፉን ወደ ቬንትሌተር አዞርነው። ክሩ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ በፕሮትራክተር ለካን። ከዚያ ከካርቶን የተቆረጡ ጎማዎች ሥሩ ለጠፍንበትና እንደገና ለካን። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ይህን መሞከር ለሚፈልግ፦ ጠርሙሱ እንዳይሽከረከር በሁለት ክር ስቀሉት፣ መስኮት ዝጉ።

የዚህ መጎተት ዋጋ ነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2000 ከቀርጤስ ወደ ጀርመን የተነሳ የሃፓግ ሎይድ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ310 ጎማው አልሰበሰብ አለ። አብራሪዎቹ ጉዞውን ቀጠሉ። ኮምፒውተሩ የቀረውን ነዳጅ ሲተነብይ የተዘረጋውን ጎማ አይቆጥርም ነበር። ነዳጁ እንደማይበቃ ሲያዩ ወደ ቪየና ዞሩ፤ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ግን አለቀ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ማኮብኮቢያው አጠገብ ሣር ላይ አረፉ፤ የሞተ ሰው የለም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ታሪክ ነው፤ ማሽኑ የሰጠውን ቁጥር ምን ቆጥሮ፣ ምን ትቶ እንዳመጣው መጠየቅ እንዳለብን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ መልስ ሲያመጡልኝ "ምን ምን አስገብታችሁ ነው?" እላለሁ።

ከፍታውም ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን አንዱ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ፣ ጎማውን ሰብስቦ ቢያንስ በ2.4 በመቶ አቀበት (መቶ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ 2.4 ሜትር ከፍ እያለ) መውጣት አለበት። ጎማው ከተዘረጋ ያ አቅም ይቀንሳል። በስስ አየርና እንጦጦ አጠገብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መዘርጋቱም መሰብሰቡም የታሰበበት ውሳኔ ነው።

የቀሩትን ምክንያቶች ቶሎ አለፍናቸው። መሰብሰቢያው የተበላሸ አውሮፕላን ያለ ተሳፋሪ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጥገና ሊወሰድ ይችላል። ኤ320 ጎማው ተዘርግቶ በሰዓት ከ520 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለፍ አይችልም። ለማረፍ ሲቃረብ ከፍታውና ፍጥነቱ የበዛበት አብራሪም ጎማውን ቀደም ብሎ ሊያወርድ ይችላል፤ ያው መጎተት አሁን ይጠቅመዋል።

መጨረሻ ላይ አንዱ ልጅ "ትንንሾቹ የልምምድ አውሮፕላኖች፣ ሴስናዎቹስ፣ ለምን ጨርሶ አይሰበስቡም?" አለ። ቀስ ብለው ስለሚበሩ መጎተቱ ያን ያህል አይጎዳቸውም። መሰብሰቢያው ግን ክብደትም፣ ዋጋም፣ ጥገናም ይጨምራል። "በስንት ፍጥነት ላይ ነው መሰብሰቡ የሚያዋጣው?" ሲል ጨመረ። እሱን በሚቀጥለው ሳምንት በግራፍ እንሠራዋለን።