የእማዬ ደብተር

እማዬ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ የነገረችው ለእኔ አይደለም። ለጎረቤታችን ነው። እሳቸውም ሦስት ወር ያህል ምስጢሯን ጠብቀው፣ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን በር ላይ ያዙኝና «አንተ ልጅ፣ እናትህን ሐኪም ቤት ውሰዳት» አሉኝ። ምኗን አሟት ነው ብላቸው ደረታቸውን በእጃቸው ነካ አድርገው ዝም አሉ።

ወንድ ልጅ ነኝ። እህቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እማዬ ሕመሙን ንቃው ሳይሆን ስለ ጡት ከእኔ ጋር ማውራት ነውር ሆኖባት ነበር። ማታ ማታ እየዳበሰች ትለካው እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። መጀመሪያ ሽምብራ ያክል ነበር፣ ቀጥሎ ባቄላ አከለ። ስለማያማትም ክፉ ነገር አልመሰላትም። ይሄን አሁን ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ፦ የጡት ካንሰር እብጠት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ጸበል ትጠመቅ ነበር። እኔም አልከለከልኳትም። ጠዋት ጸበሉ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ብለን ተስማማን። ክርክር ብጀምር ኖሮ ሌላ ሦስት ወር ይሄድብን ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ጤና ጣቢያ ነው። ቸኩሎ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል የሚሄድ ብዙ ነው፤ በጤና መድን ለሚታከም ሰው ግን የሪፈር ወረቀቱ ወሳኝ ነው። ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ናሙና፣ መጠበቅ። ውጤቱ የመጣ ቀን እኔ «ትንሽ እጢ ነው አሉ» ብዬ ለማለፍ እያሰብኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። እሷ ቀደመችኝ። «ነቀርሳ ነው?» አለች። «አዎ» አልኳት፣ እንባዬም መጣ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ምሳ በልተሃል?»

ጥቅምት ላይ የግራ ጡቷ ከብብቷ እጢዎች ጋር በቀዶ ሕክምና ወጣ። ወደ ቤት የገባችው ከጎኗ የወጣ ቱቦና ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ ይዛ ነው። ፈሳሹ በየቀኑ ተለክቶ ይጻፋል፤ ሲቀንስ ቱቦው ይወጣል። መጀመሪያ ይህን ይሠሩላት የነበሩት ጎረቤታችን ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄዱ። ጠርሙሱን የሚገለብጥ ጠፋ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔም ጠርሙሱን ብቻ እያየሁ ገለበጥኩት። ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። ጨርሼ እጄን ስታጠብ ግን ፊቷን ሳታዞር «ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«40 ሚሊ ሊትር።»

«ትናንት ስንት ነበር?»

«60።»

«እሰይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መነጋገሪያ አገኘን። ስሙን መጥራት የሚያሳፍረንን ነገር በቁጥር እናወራዋለን። አንድ ደብተር ገዛሁ። ፈሳሹ፣ ትኩሳቱ፣ የተመለሰው ምግብ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ለሐኪሙ የሚነሳው ጥያቄ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ሐኪም ፊት ስንቀርብ አእምሮ ባዶ ይሆናል፤ ደብተሩ ግን አይረሳም።

ደብተሩ ከመሙላቱ በፊት ግን ሁለት ጥፋት አጠፋሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ጀምራ ነበር። አንደኛው ጥፋቴ ከኬሞው ውስጥ በቀዩ መድኃኒት ነው። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ቀይ እንደሚያደርግ ሐኪሙ ነግረውኝ ነበር። እኔ ለእማዬ መንገሩን ረሳሁት። ደም መስሏት፣ ለእኔም መናገሩን አፍራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትጸልይ አደረች።

ሁለተኛው ይብሳል። ከመጀመሪያው ኬሞ በዘጠነኛው ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት። በጎንደር የኅዳር ብርድ ይህ ምን ይገርማል ብዬ ጋቢ ደረብኩላት። ግንባሯን ብነካው ያቃጥላል። ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ተኛን። ጠዋት መቆም አቃታት። ነጭ የደም ሴሏ እጅግ ወርዶ ኖሮ አምስት ቀን አስተኟት። ሐኪሙ አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ከኬሞ በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ የሰውነት መከላከያ ይደክማል፤ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት መሄድ ነው፣ በፓራሲታሞል አውርዶ ማደር አይቻልም አሉኝ። በዚያው ቀን ቴርሞሜትር ገዛሁ። ከኬሞው በፊት መግዛት ነበረብኝ።

ኬሞው በየ21 ቀኑ ነው፣ ስምንት ዙር። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል፤ የደም ሴሉ ቁጥር ካልሞላ ቀጠሮው ይገፋል። ስለዚህ ደሙን አንድ ቀን አስቀድመን ማሠራት ጀመርን፤ በማግስቱ በከንቱ ከመመላለስ አዳነን።

ፀጉሯ ጉዳይ አልሆነም። ሻሿን ድሮም አታወልቅም። ከባዱ ቡና ነበር። ሲቆላ ጭሱ ከሸተታት ያስመልሳታል። ቡና የማይፈላበት ቤት ደግሞ ቤት አይመስልም፤ ጠያቂ ምን ላይ ይቀመጣል? ጠያቂውስ አይቀሬ ነው። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ሦስቴ ይስማል፣ ያስነጥሳል። በር ላይ ሳኒታይዘር ይዤ ቆምኩና የሚያሳፍር ስም ሁሉ ተለጠፈብኝ። በመጨረሻ የዕድሩን እናቶች ሰብስቤ ሥራ አከፋፈልኳቸው። አንዷ ማክሰኞ ሾርባ ታመጣለች፣ አንዷ በኬሞው ቀን አብራ ትቀመጣለች። ሰዉ መሳም የሚያበዛው ሌላ የሚሠራው ስለሌለው ነው መሰለኝ። ሥራ ሲሰጡት ይረጋጋል።

ሦስተኛው ዙር ጥር 2 ዋለ። ጥምቀት ዘጠነኛው ቀን ላይ ማለት ነው። እማዬ ከተወለደች ጀምሮ የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ቀርታ አታውቅም። ደብተሩን ገልጬ አሳየኋት፤ ከኅዳሩ ኬሞ ዘጠነኛ ቀን ማግስት ላይ «ሆስፒታል ተኛች» የሚል ተጽፏል። ረጅም ሰዓት አየችው። በከተራው ማስክ አድርጋ ከበራችን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ታቦታቱ ሲያልፉ ተነሥታ እልል አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ሌላ ጭንቅ መጣ። እንቁላልና ወተት አልነካም አለች። እኔ ስለ ፕሮቲን ብደሰኩር ማን ይሰማኛል! የንስሐ አባቷን ጠራኋቸው። «አንቺ፣ እንቁላሉን እንደ ክኒን ቁጠሪው» አሏት፤ አበቃ። በርበሬው ግን ለቆሰለ አፍ አይሆንምና የቤቱ ወጥ ሁሉ አልጫ ሆነ። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እኔም አብሬ ተውኩ።

ግራ እጇን በሚመለከት አንድ ነገር ራሷ ፈጠረች። የብብት እጢ የወጣበት እጅ ሊያብጥ ስለሚችል በዚያ በኩል መርፌም የደም ግፊት መለኪያም ይቅር ተብለን ነበር። የሚለካው ሰው ግን በየጊዜው ይለዋወጣል። ስለዚህ ራሷ የፈተለችውን ክር አንጓዋ ላይ አሰረች። ሐኪሞቹ እጇን ከፍ እያደረገች እንድታፍታታም አዘዋት ነበር። ቁስሉ ሲድን እንዝርቷን አወጣች። በቀኟ ጭኗ ላይ ታሾራለች፣ በግራዋ ክሩን ወደ ላይ ትስባለች። መጀመሪያ እስከ አገጯ፣ ፋሲካ ሲደርስ ከሻሿ በላይ። እሱንም ጻፍኩት።

የጨረር ሕክምናውን የወሰደችው አዲስ አበባ፣ እህቴ ዘንድ ሆና ነው። ያ የእህቴ ታሪክ ስለሆነ እሷ ትንገራችሁ። ደብተሩ ግን አብሮ ሄዶ በእህቴ ጽሑፍ ተሞልቶ ተመልሷል።

አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ ታሞክሲፈን የሚባል አንድ ክኒን ትውጣለች፣ 20 ሚሊ ግራም፣ አምስት ዓመት ተብላለች። ሌሊት ሙቀት እየተነሳባት ጋቢዋን ትወረውራለች።

ባለፈው እሑድ ቤታችን ቡና ተፈላ። የቆላችው እማዬ ናት። ጎረቤታችን ከነልጆቻቸው፣ ሁለት የዕድር ሴቶችም አሉ። ሁለተኛው ሲቀዳ እማዬ ወደ ወጣቶቹ ዞረችና ጮክ ብላ «ጡታችሁን ዳብሱ። በየወሩ። እንደኔ ሽምብራ ነው ባቄላ ነው እያላችሁ እንዳትቀመጡ» አለቻቸው። እኔ አፍሬ ሲኒዬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «ቁጭ በል። ቁጥሩን የምታውቀው አንተ ነህ።»