የሞላ በረራ የማይነግረን ፍላጎት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ በሚገኝ አየር መንገድ፣ የመንገደኞችን ፍላጎት የሚተነብይ ሥርዓት በሚገነባ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ሥራችን በየበረራው፣ በየዋጋ መደቡ ስንት ሰው ትኬት ሊገዛ እንደሚፈልግ ከወራት በፊት ገምቶ ግምቱን ለሽያጭ ተቆጣጣሪዎች ማቅረብ ነው። እነርሱም ርካሹን መደብ መቼ እንደሚዘጉና ስንት ወንበር ዘግይቶ በውድ ዋጋ ለሚገዛው እንደሚያቆዩ የሚወስኑት በዚህ ግምት ተመርተው ነው። የሙያው መሠረት የሆነውን ደንብ በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የብሪታንያው ቢኦኤሲ አየር መንገድ ባልደረባ ኬን ሊትልዉድ ሲሆን፣ ደንቡም ርካሽ ትኬት መሸጥ የሚገባው ዋጋው ያ ወንበር ኋላ በውድ ሊሸጥ ከሚችልበት ዕድል ጋር ከተባዛው ውድ ዋጋ እስካላነሰ ድረስ ብቻ ነው ይላል። ያ ዕድል የሚገኘው ከትንበያው ስለሆነ ትንበያው ከተዛባ ደንቡ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ወንበሩ አለቦታው ይሸጣል።

የመጀመሪያው ሞዴል ተጠናቆ ሲፈተሽ ውጤቱ ያማረ ነበር። ያለፉትን ወራት ሽያጭ ከሞዴሉ ሸሽገን እንዲተነብይ አደረግን፤ ከእውነተኛው መዝገብ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ጥቂት ሆነ፤ በተለይ በጣም በሚጨናነቁት በረራዎች ላይ ከምንም በላይ ትክክል ሆኖ ታየ። ውጤቱ በቀረበበት ስብሰባ ላይ፣ በሽያጭ ቁጥጥር ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንድ የሕንድ ኬረላ ሰው ሰንጠረዡን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ «እነዚህ በረራዎች ርካሽ መደባቸው የተዘጋው መቼ ነበር?» ብለው ጠየቁ። በሰንጠረዡ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓምድ አልነበረም። እርሳቸውም፣ «የሸጥነውን አሳይታችሁኛል፤ የመለስነው መንገደኛ ግን የት ተጽፏል?» አሉ።

ይህ ጥያቄ የሥራችንን አቅጣጫ ለወጠው። ለምሳሌ በርካሹ መደብ 40 ወንበር ተመድቦ ከበረራው 30 ቀን አስቀድሞ ቢያልቅ መዝገቡ 40 ይላል። ከዚያ በኋላ 5 ሰው መጥቶ ይሁን 80 ሰው መዝገቡ ምንም አይናገርም፤ ምክንያቱም የተዘጋ መደብ ገዢ የለውም። ሞዴሉ ከዚህ መዝገብ ሲማር የተማረው የሰዎችን ፍላጎት ሳይሆን የእኛኑ የቀድሞ ውሳኔ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ፈተናው ራሱ ይህን ሊያጋልጥ አለመቻሉ ነበር፤ በመደቡ መዘጋት የተቆረጠን ቁጥር በተቆረጠ ቁጥር ስንለካ፣ ወሰኑን አጥንቶ 40 ብሎ የሚመልስ ሞዴል ከሁሉ የላቀ ነጥብ ያገኛል። በተጨናነቁት በረራዎች ላይ ልዩነቱ ያነሰውም ለዚሁ ነበር።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ርካሹ መደብ ክፍት ሆኖ ሲቆይ፣ ቢዘጋ ኖሮ በውድ ሊገዛ የሚችለው መንገደኛም በርካሹ ይገዛል፤ በውዱ መደብ የተመዘገበው ቁጥር ይቀንሳል፤ ሥርዓቱም የውዱ ፍላጎት አነስተኛ ነው ብሎ ለእርሱ የሚቆየውን ወንበር ይቀንሳል፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ርካሹ ይበልጥ ይከፈታል። ኩፐር፣ ኦሜም ዴ ሜሎና ክላይዌክት በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ቁልቁል የሚወርድ አዙሪት በሒሳብ አሳይተዋል። ማንም ሰው ስሕተት ሳይሠራ፣ እያንዳንዱ ክፍል የታዘዘውን እየፈጸመ፣ ገቢው ዙር በዙር ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ይህን መረዳት የተሻለ ቀመር ከመምረጥ እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያ እያንዳንዱ መደብ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ቀን ከወንበር መቆጣጠሪያው ሥርዓት አውጥተን ከሽያጩ ጎን አስቀመጥን። ከዚያም የተዘጉትን ቁጥሮች «ቢያንስ ይህን ያህል» ብለን ወሰድናቸው፤ ካልተዘጉት በረራዎች አማካዩንና ሥርጭቱን ገምተን፣ ለተዘጉት ከወሰኑ በላይ ሊኖር የሚችለውን ፍላጎት ሞላን፤ ግምቱ መለወጡን እስኪያቆም ድረስም ደጋገምነው። የእንዲህ ዓይነቱ ድግግሞሽ አጠቃላይ ንድፍ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስታቲስቲክስ የታወቀ ነው። ሆኖም የተመለሰው መንገደኛ አንዳንዴ በማግሥቱ በረራ ስለሚገዛ፣ ያንን ሰው በሁለቱም በረራ ከቆጠርነው ፍላጎቱ ከልክ በላይ ያብጣል። በድረ ገጹ ላይ የተደረጉ የዋጋ ፍለጋዎችን መቁጠርም ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍለጋዎቹ ብዙዎቹ ዋጋ የሚያነጻጽሩ ፕሮግራሞች እንጂ ተጓዦች አይደሉም።

የዚሁ ጉዳይ ሌላ ገጽታ የታየኝ ወደ አዲስ አበባ በሚበሩት በረራዎች ላይ ነው። በባሕረ ሰላጤው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን፣ ክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ ለዒድ አልፈጥር፣ አገር ቤት ለመድረስ ይጥራሉ። ሥርዓቱ የሂጅራን አቆጣጠር ያውቅ ነበር፤ በባሕረ ሐሳብ እየተሰላ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 የሚዘዋወረውን ፋሲካ ግን አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ ሚያዝያ 24 ዋሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 8 እና ሚያዝያ 13። ሁለቱ በዓላት ጎን ለጎን ስለዋሉ ሞዴሉ የሁለቱንም ተጓዥ ለዒድ ብቻ ሰጠው። የ2016 ዓ.ም. ትንበያ ሲወጣም ዒድ በሚውልበት በሚያዝያ 2 ዙሪያ ከፍተኛ ቁጥር ተከምሮ፣ ፋሲካ የሚውልበት ሚያዝያ 27 ተራ ሳምንት መስሎ ተቀመጠ።

እስከ ፋሲካ የሚቀሩትን ቀናት የሚቆጥር ዓምድ ብንጨምርም ብቻውን አልበቃም፤ በዓላቱ በተቀራረቡባቸው ዓመታት ከሁለቱ የትኛው ስንቱን መንገደኛ እንዳመጣ ከመረጃው መለየት አይቻልም። የሚለየው ዓመት 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 20፣ ዒድ ግንቦት 27 የዋሉበት። ያ ዓመት ግን ከወረርሽኙ በፊት የነበረው መረጃ በሙሉ አርጅቷል ተብሎ ከሥልጠናው ወጥቶ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም የአየር መንገደኞች ጉዞ ከቀዳሚው ዓመት በ66 በመቶ ገደማ በመውረዱ፣ የቀድሞው መጠን ለዛሬ አይሠራም የሚለው ክርክር ምክንያት ነበረው። እኛም መጠኑን ትተን፣ የበዓሉ ሳምንት ከአጎራባች ሳምንታት በምን ያህል እጥፍ እንደሚበልጥ ብቻ ወሰድን፤ በእነዚያም በረራዎች ላይ የተዘጉትን መደቦች አስቀድመን አረምን። ከዚያ በኋላ የ2016 ትንበያ ሁለት የተለያዩ ከፍታዎች አሳየ፤ ተቆጣጣሪዎቹም ለፋሲካ ሳምንት ወንበር ማቆየት ጀመሩ።

ዛሬ አንድ ተቆጣጣሪ ትንበያውን በእጁ ሲለውጥ አዲሱን ቁጥር ብቻ አስገብቶ አይተውም፤ ምክንያቱንም ይጽፋል። የኬረላው ሰው በየጊዜው ሲጽፏቸው ከነበሩት ምክንያቶች በኬረላ የሚከበረው የኦናም በዓልና የትምህርት ቤቶች መዘጊያ ቀናት ራሳቸውን የቻሉ ዓምዶች ሆነዋል። የቡድን ጉዞዎች ግን በርካታ ወንበር አስይዘው ዘግይተው ስለሚሰርዙ ገና በእጅ ይታረማሉ፤ አሁን የምንሠራው እነርሱን ከግለሰብ መንገደኞች ለይቶ በመመዝገብ ላይ ነው።